አሮጌ ባች ፋይል ውስጥ ያለ ፓዝ እንዴት ነው የሚነበበው?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ከድሮ ኮምፒውተር ላይ ያገኘውን ባች ፋይል (ማሽኑ ተራ በተራ የሚፈጽማቸው ኮማንዶች የተጻፉበት ፋይል) ልኮልኝ "ኮፒ የሚለው ገብቶኛል፣ ከኮፒ በኋላ ያለው ግን ምንድነው?" አለኝ። ከፍቼ ሳየው እውነቱን ነው። ኮፒ ምን እንደሚሰራ ማንም ያውቃል፣ ሰው የሚደናገረው ከየት ወዴት የሚለው ላይ ነው። አንድ ቦታ ነጥብ ብቻዋን ቆማለች፣ ሌላ ቦታ ኮለን አለ ባክስላሽ (\) የለም፣ ፐርሰንት ከነቲልዳው (~) አለ፣ ብቻ ብዙ ጉድ ነው። ለሱ የመለስኩለትን ትንሽ አስፍቼ ልጻፈው ብዬ ነው። ኮማንዶቹን እዚህ በኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው፣ ማሽን ላይ ግን በላቲኑ ነው የሚገቡት፣ ያው ታውቁታላችሁ።

የሚያጋጥሟችሁ መስመሮች እንዲህ አይነት ናቸው፦

ኮፒ ዲ:*.ዳት ኤ:
ኮፒ ..\ሪፖርት .
ኮፒ *.ቲኤክስቲ ባካፕ
ኤክስኮፒ %1 %ታርጌት%\ /ኤስ /ዋይ
ኮፒ "%~ዲፒ0ሴቲንግ.አይኤንአይ" ሲ:\ፕሮግራ~1\

እኔ እንደዚህ አይነት መስመር ሳይ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፣ ምን ጎድሏል፣ የጎደለውንስ ማን ነው የሚሞላው? ፓዝ የፋይሉ አድራሻ ነው፣ ሙሉ ፓዝ ማለት የድራይቭ ፊደል፣ ኮለን፣ ባክስላሽ፣ ፎልደሮቹ፣ መጨረሻ ላይ የፋይሉ ስም ነው። ከዚህ ውስጥ አንዱ ከጎደለ ሲስተሙ ከራሱ ይሞላዋል፣ የሚሞላበት ነገር ደግሞ ባች ፋይሉ ውስጥ አልተጻፈም፣ ፋይሉ በሚሮጥበት ሰአት ማሽኑ የነበረበት ሁኔታ ነው። ለዛ ነው ጽሁፉን ብቻ እያያችሁ መቶ ጊዜ ብታነቡት የማይገባችሁ። ከየት እንደምትነሱ ሳይነግራችሁ "ወደ ግራ ታጠፉ" ብሎ ስልኩን እንደዘጋ ሰው ነው።

መጀመሪያ ዲ:*.ዳት የሚለውን እንይ። ዲ ኮለን ካለ በኋላ ባክስላሽ የለም። ብዙ ሰው ዲ:\*.ዳት ማለት ይመስለዋል፣ ማለትም የድራይቩ ሩት (ከሁሉም በላይ ያለው ፎልደር) ላይ ያሉት ፋይሎች፣ ግን አይደለም። ዲ ድራይቭ ላይ "አሁን ያለንበት" ከሚባለው ፎልደር ውስጥ ማለት ነው። እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚገርመው፣ እያንዳንዱ ድራይቭ የራሱ የሆነ አሁን ያለንበት ፎልደር አለው፣ እናንተ ሲ ላይ ቁጭ ብላችሁ ዲ የራሱን ያስታውሳል። ፎልደር መቀየሪያውን ኮማንድ ይዛችሁ ሲዲ ዲ:\ወርክ ብላችሁ ብትጽፉ ከሲ አትነቃነቁም፣ ፕሮምፕቱም (ከምትጽፉበት ፊት የት እንዳላችሁ የሚያሳየው) አይቀየርም፣ ሰው ኮማንዱ አልሰራም ብሎ ደጋግሞ ይጽፈዋል፣ ግን ሰርቷል፣ ዲ ላይ ያለው ቦታ ተቀይሯል። ከዛ በኋላ ዲ:ሊስት.ቲኤክስቲ ካላችሁ ዲ:\ወርክ\ሊስት.ቲኤክስቲ ማለት ሆነ። ድራይቩንም አብሮ ለመቀየር በዊንዶውሱ ኮማንድ ፕሮምፕት ላይ ሲዲ /ዲ ነው የሚባለው። አንድ ድራይቭ አሁን የት እንደቆመ ማየት ከፈለጋችሁ ሲዲ ዲ: ብቻ ብላችሁ ኢንተር ምቱ፣ ይነግራችኋል።

ለምን እንዲህ ሆነ ካላችሁ ታሪኩ አጭር ነው። በ1981 የወጣው የመጀመሪያው ዶስ (ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሲስተም) ፎልደር የሚባል ነገር አልነበረውም፣ አንድ ፍሎፒ አንድ ዝርዝር ነው፣ ኤ: ካልክ ዲስኩን በሙሉ አልክ ማለት ነው። ፎልደር የመጣው በ1983 በወጣው ዶስ 2 ነው። ያኔ ኤ:ፋይል ብቻ ማለት የሚያውቁ የድሮ ፕሮግራሞች ደግሞ መስራታቸውን መቀጠል ነበረባቸው፣ ስለዚህ ሲስተሙ በየድራይቩ አንድ ፎልደር ይይዝና ፕሮግራሙ ሳያውቀው እዛ ውስጥ ያሰራዋል። ባክስላሹም ከዛው ጊዜ የመጣ ነው። ወደ ቀኝ የተጋደመው ስላሽ ከፎልደሮች በፊት ጀምሮ ለኦፕሽን ተይዞ ነበር፣ /ኤስ /ዋይ ምናምን ለሚባሉት፣ ለፓዝ ሌላ ምልክት መፈለግ ነበረበት። ዛሬም ዊንዶውስ ራሱ ውስጥ ለውስጥ ሁለቱንም ስላሽ ይቀበላል፣ ኮፒ የሚለው ኮማንድ ግን ሲ:/ዳታ/ፋይል ብትሉት /ዳታ የሚለውን ኦፕሽን መስሎት ይጮህባችኋል።

ከፊት ባክስላሽ ኖሮ ድራይቭ ከሌለስ? ለምሳሌ \ባካፕ የሚል ካለ። ይሄ ቀላል ነው፣ አሁን ያለንበት ድራይቭ ሩት ላይ ያለ ባካፕ ማለት ነው። የድሮ ሰዎች ይሄን አውቀው ነው የሚያደርጉት፣ ፋይሉ ከፍሎፒም ከሃርድ ዲስክም ሲሮጥ እንዲሰራ። እና ዲ:*.ዳት እና \ባካፕ ጎን ለጎን ስታዩ አንዱ ፎልደር ጎድሎታል ሌላው ድራይቭ ጎድሎታል፣ በዚህ ለዩት።

ነጥቧ ጋ ስንመጣ፣ አንድ ነጥብ ማለት እዚሁ ያለሁበት ፎልደር፣ ነጥብ ነጥብ ማለት አንድ ደረጃ ወደ ላይ። ኮፒ ..\ሪፖርት . የሚለው እንግዲህ ከበላይ ፎልደር ያለውን ሪፖርት እዚህ አምጣው ነው የሚለው። ኮፒ መዳረሻ ካልተሰጠው ራሱ እዚሁ ስለሚያመጣ መጨረሻ ላይ ያለችው ነጥብ ባትኖርም ይሰራ ነበር፣ ግን ለሚያነበው ሰው ግልጽ ስለምታደርግ እኔ እወዳታለሁ። እዚህ መስመር ላይ ያለው እውነተኛ ጥያቄ ሪፖርት ራሱ ፋይል ነው ፎልደር የሚለው ነው፣ ምክንያቱም ፎልደር ከሆነ ኮፒ ከኋላው \*.* እንዳለ ቆጥሮ ውስጡ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ ያመጣል፣ በውስጡ ያሉ ሌሎች ፎልደሮችን ግን አይነካም። ከጽሁፉ ብቻ መለየት አይቻልም፣ ዲስኩን ማየት ግድ ነው። ይሄው ህግ ዴል ላይም ይሰራል፣ ዴል ካላችሁ በኋላ የፎልደር ስም ከሰጣችሁት ውስጡ ያሉትን ፋይሎች ነው የሚያጠፋው፣ በርግጥ እርግጠኛ ነህ ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ ባች ውስጥ ግን /ኪው ተጨምሮ ከሆነ አይጠይቅም። ነጥብ ሶስት ጊዜ ተደርድሮ ካያችሁ ደግሞ ፋይሉ ዊንዶውስ 95 ወይም 98 ላይ የተጻፈ ሳይሆን አይቀርም፣ እዛ ላይ ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ማለት ነበር፣ ዛሬ ያ ትርጉም የለውም፣ ..\.. ብላችሁ ተኩት።

ኮከቡ ብዙም አያስቸግርም፣ *.* ማለት ሁሉም ማለት ነው፣ ኤክስቴንሽን (ከነጥብ በኋላ ያለው የስሙ ጅራት) የሌለውንም ጨምሮ። አንድ ነገር ብቻ፣ *.ኤችቲኤም ካላችሁ መጨረሻው ላይ ኤል ያለውን ባለ አራት ፊደሉንም ሊይዝባችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም ሲስተሙ የሚፈልገው ረጅሙን ስም ብቻ ሳይሆን ከጀርባ ያለውን አጭሩን ስምም ነው፣ አጭሩ ስም ደግሞ ኤክስቴንሽኑ ሶስት ፊደል ላይ ይቆረጣል። ኮፒ ላይ ቢበዛ ትርፍ ፋይል ይመጣል፣ ዴል ላይ ግን ያስለቅሳል።

አሁን የምወዳት መስመር፣ ኮፒ *.ቲኤክስቲ ባካፕ። ስታነቧት ምንም አያስፈራም፣ ቴክስት ፋይሎቹን ባካፕ ውስጥ አስቀምጥ ትመስላለች። ባካፕ የሚባል ፎልደር ካለ ልክ እንደዛ ነው የምትሰራው። ከሌለ ግን ኮፒ ፎልደር አይፈጥርም፣ ባካፕ የሚባል አንድ ፋይል ይፈጥርና ሁሉንም ቴክስት ፋይሎች አንዱን ከአንዱ አያይዞ እዛ ውስጥ ይደርታቸዋል! ስህተት ነው አይልም፣ የፋይሎቹን ስም አንድ በአንድ ይደረድራል፣ መጨረሻ ላይ አንድ ፋይል ኮፒ ተደርጓል ይላል፣ ያቺ "አንድ" የምትለው ቁጥር ናት ብቸኛዋ ምልክት። ባች ፋይሉ ደግሞ ውጤቱን ወደ ነል (የገባበት ሁሉ ወደሚጠፋበት ባዶ መሳሪያ) የሚልክ ከሆነ እሷንም አታዩዋትም። መድሃኒቱ አንድ ምልክት ነው፣ ባካፕ\ ብላችሁ መጨረሻ ላይ ባክስላሽ ጨምሩ። ያኔ ይሄ ፎልደር ነው ማለታችሁ ስለሆነ ፎልደሩ ከሌለ ፓዙን አላገኘሁም ብሎ ይቆማል። የመጨረሻዋ ባክስላሽ ለውበት የተቀመጠች የሚመስላቸው ሰዎች "ላጽዳው" ብለው ሲያጠፏት አይቻለሁ፣ አታጥፏት።

ነገሩ ፎቶ ወይም ፕሮግራም ፋይል ከሆነ ይብሳል። ኮፒ ብዙ ፋይል ወደ አንድ ሲያያይዝ ራሱን ቴክስት ሞድ ላይ ያደርጋል፣ ቴክስት ሞድ ላይ ደግሞ ቁጥሩ 26 የሆነ ባይት ሲያገኝ ፋይሉ አለቀ ብሎ ያቆማል፣ ይሄ ኮንትሮል ዜድ የሚባለው ነው። ከሲፒኤም (ከዶስ በፊት ከነበረው ሲስተም) የተወረሰ ነገር ነው፣ እዛ ሲስተም ላይ የፋይል መጠን በ128 ባይት ቁርጥራጭ ብቻ ነበር የሚታወቀው፣ ጽሁፉ ቁርጥራጩ መሃል ላይ ቢያልቅ የቱ ጋ እንዳለቀ ለማሳየት ምልክት ያስፈልግ ነበር። ፎቶ ውስጥ 26 በማንኛውም ቦታ ሊገኝ ስለሚችል የሚያያዘው ፋይል መሃሉ ላይ ይቆረጣል። አሮጌ ፋይሎች ውስጥ ኮፒ /ቢ ኤ+ቢ ሲ አይነት መስመር የምታዩት ለዚህ ነው፣ /ቢ ባይናሪ ነው፣ 26ን አትየው እንደማለት፣ ፕላሱ ደግሞ ፋይሎቹን አያይዛቸው ማለት ነው። ኮፒ /ቢ ፋይል+,, የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ምንም ኮፒ የሚያደርገው የለም፣ የፋይሉን ቀንና ሰአት ወደ አሁን መቀየሪያ ዘዴ ነው፣ ኮማዎቹ የትየባ ስህተት አይደሉም።

ኤክስኮፒ (ፎልደሮችንም ከነውስጣቸው ኮፒ ማድረግ የሚችለው ኮማንድ) ይሄን የፋይል ነው የፎልደር ነው ነገር በሌላ መንገድ ነው የያዘው፣ መዳረሻው ከሌለ ቆም ብሎ ፋይል ነው ፎልደር ብሎ ይጠይቃል፣ ኤፍ ወይም ዲ በሉ ይላል። ማታ ላይ ብቻውን የሚሮጥ ባች ከሆነ ማን ይመልስለታል፣ ቆሞ ያድራል። ለዛ ነው /አይ የሚለው ኦፕሽን ወይም ያቺው የመጨረሻ ባክስላሽ የሚጨመረው። አንዳንዱ ደግሞ ኢኮ ኤፍ|ኤክስኮፒ ብሎ ይጽፋል፣ መልሱን አስቀድሞ በፓይፕ (በ | ምልክት) ማቀበል ነው፣ አስቀያሚ ነው ግን ይሰራል።

ፐርሰንቶቹ። %1 ማለት ባች ፋይሉን ስትጠሩት ከስሙ ቀጥሎ የጻፋችሁት የመጀመሪያ ቃል ነው፣ %2 ሁለተኛው፣ እንዲህ እያለ እስከ 9። በሁለት ፐርሰንት መሃል ያለ ስም፣ እንደ %ታርጌት%፣ ቫሪያብል ነው፣ የሆነ ቦታ ሴት በሚባለው ኮማንድ ተሞልቷል ተብሎ ይታሰባል። ችግሩ ካልተሞላ ነው። ባች ፋይል ውስጥ ያልተሞላ ቫሪያብል በባዶ ነው የሚተካው፣ ስለዚህ %ታርጌት%\ የነበረው \ ብቻ ይሆናል፣ \ ብቻ ደግሞ ከላይ እንዳልነው የድራይቩ ሩት ነው። ፋይሎቹ ሲ ሩት ላይ ተበትነው ታገኟቸዋላችሁ። ዴል /ኪው %ታርጌት%\*.* ከሆነ ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት። አሮጌ ባች ስታነቡ እያንዳንዱ ቫሪያብል የት እንደተሞላ ሳታገኙ ወደሚቀጥለው መስመር አትለፉ፣ ፋይሉ ውስጥ ከሌለ ሌላ ባች ነው የሚጠራው ወይም ድሮ ማሽኑ ላይ የተቀመጠ ነው፣ እሱ ማሽን ደግሞ ዛሬ የለም።

%~ዲፒ0 ሰው የሚፈራው ነው ግን ስትፈቱት ከሁሉም ደግ ነው። ዜሮው ባች ፋይሉ ራሱ ነው፣ ዲ ድራይቭ፣ ፒ ፓዝ፣ ቲልዳዋ ደግሞ ጥቅስ ካለው አውልቀህ ከስሙ ውስጥ ይሄንን ክፍል ብቻ ስጠኝ እንደማለት ናት። ባጠቃላይ "እኔ ባች ፋይሉ ያለሁበት ፎልደር" ማለት ነው። መጨረሻው ላይ ባክስላሽ ይዞ ነው የሚመጣው፣ ለዛ ነው %~ዲፒ0ሴቲንግ.አይኤንአይ ተብሎ መሃል ላይ ምንም ሳይኖር ተጣብቆ የሚጻፈው፣ ስላሽ የተረሳ ይመስላል ግን አልተረሳም። ይሄ የዊንዶውስ ኤንቲ ወገን ነገር ነው፣ 95 እና 98 አያውቁትም፣ ስለዚህ ይሄን የያዘ መስመር የዶስ ዘመን ሰው የጻፈው ሊሆን አይችልም። ከ%ሲዲ% ጋር ያለውን ልዩነት ያዙ፣ %ሲዲ% አሁን ያለንበት ፎልደር ነው እንጂ ባቹ ያለበት አይደለም። ባቹን ደብል ክሊክ ስታደርጉት ሁለቱ አንድ ስለሚሆኑ ልዩነቱ አይታይም፣ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ በአድሚኒስትሬተር ስታስነሱት ግን አሁን ያለንበት የሚባለው ዊንዶውስ ስር ያለው ሲስተም32 ይሆናል፣ ያኔ ነጥብ፣ ነጥብ ነጥብ፣ %ሲዲ%፣ ፓዝ የሌለው የፋይል ስም፣ ሁሉም ሲስተም32 ውስጥ ይፈልጋሉ። "ለኔ ይሰራል ለሱ አይሰራም" የሚባለው ክርክር ብዙ ጊዜ ይሄው ነው።

ፕሮግራ~1 ላይ ቲልዳዋ ሌላ ስራ ናት። ዶስ የፋይል ስም 8 ፊደል ኤክስቴንሽን 3 ፊደል ብቻ ነበር የሚፈቅደው፣ ዊንዶውስ 95 ረጅም ስም ሲያመጣ የድሮ ፕሮግራሞች እንዳይቸገሩ ለእያንዳንዱ ረጅም ስም አጭር ቅጽል ስም ሰጠው፣ ስድስት ፊደል፣ ቲልዳ፣ ቁጥር። ባች ጻፊዎች ይሄን የሚወዱት ስፔስ ስለሌለው ነው፣ ጥቅስ ምልክት አያስፈልግም። ግን ቁጥሩ የተሰጠው በቅደም ተከተል ነው፣ አንድ ማሽን ላይ ~1 የሆነው ሌላው ላይ ~2 ሊሆን ይችላል፣ አንዳንድ ድራይቭ ላይ ደግሞ አጭር ስም መስጠቱ ጭራሽ ተዘግቷል። ዲር /ኤክስ ብላችሁ የትኛው የትኛው እንደሆነ ካያችሁ በኋላ ረጅሙን ስም በጥቅስ አድርጋችሁ ብትተኩት ይሻላል።

ሁለት ባክስላሽ ከፊት ካለ ኔትወርክ ነው፣ \\ሰርቨር\ሼር\ፎልደር። መጀመሪያው የማሽኑ ስም፣ ቀጥሎ ሼር የተደረገው ፎልደር። ከሼሩ ስም ኋላ የዶላር ምልክት ካለ ሰው ኔትወርኩን ሲያስስ እንዳይታይ የተደበቀ ሼር ነው። ኮፒ ከዚህ ጋር ችግር የለበትም፣ ግን ኮማንድ ፕሮምፕቱ እዚህ አይነት ፓዝ ላይ "መቆም" አይችልም፣ ባቹን ኔትወርክ ላይ እንዳለ ደብል ክሊክ ካደረጋችሁት አይሆንም ብሎ ወደ ዊንዶውስ ፎልደር ይሄዳል። ፑሽዲ የሚል መስመር ያለው ለዚህ ነው፣ ከዜድ ጀምሮ ወደ ኋላ እየቆጠረ ነጻ የሆነ የድራይቭ ፊደል ይሰጠውና እዛ ላይ ይቆማል፣ ፖፕዲ ሲባል ይለቀዋል። ስለዚህ ባች ውስጥ ዜድ: የሚል ካገኛችሁና ዜድ የሚባል ድራይቭ ከሌላችሁ መጀመሪያ ፑሽዲ ወይም ሰብስት የሚል ፈልጉ፣ ሰብስት ደግሞ የራሳችሁን ፎልደር ድራይቭ አስመስሎ ፊደል የሚሰጥ ነው።

ነል፣ ኮን፣ ፒአርኤን የሚሉት የፋይል ስም ቢመስሉም መሳሪያ ናቸው፣ ባዶው፣ ኪቦርድና ስክሪኑ፣ ፕሪንተሩ። ፎልደር ከመኖሩ በፊት የተሰጡ ስሞች ስለሆኑ ፎልደር ሲመጣ በሁሉም ውስጥ እንዳሉ ተቆጠረ፣ ኮን የሚባል ፎልደር እንደልብ መፍጠር የማይቻለውም ለዛ ነው። ኢፍ ኤግዚስት ሲ:\ዳታ\ነል የሚል መስመር በዚህ ላይ የተመሰረተ ብልጠት ነው፣ በዶስ ነል የሚገኘው በእውነት ባለ ፎልደር ውስጥ ብቻ ስለሆነ ፎልደሩ አለ ወይ ብሎ መጠየቂያ ነው።

ለመሞከር፣ ከእያንዳንዱ ኮፒ ፊት ኢኮ የሚል ቃል ጨምሩና አስሩጡት፣ ኮፒ ከማድረግ ይልቅ ቫሪያብሎቹ ተሞልተው ምን ሊያደርግ እንደነበር ይጽፍላችኋል። ከመስመሩ መጨረሻ >ነል ካለ እሱን አንሱት፣ አለበለዚያ ኢኮው ራሱ ወደ ነል ሄዶ ባዶ ስክሪን ታያላችሁ። ይሄን ሳታደርጉ እንዳታስነሱት የምለው ኮፒ በእጅ ስትጽፉት ያለ ፋይል ላይ ሊጽፍ ሲል ይጠይቃል፣ ባች ውስጥ ሆኖ ግን /ዋይ ባይኖርም ሳይጠይቅ ነው የሚጽፍበት።

አሮጌውን ወደ ሮቦኮፒ (አዲሱ የኮፒ ኮማንድ) የምትቀይሩ ከሆነ፣ እሱ ከቪስታ ጀምሮ ዊንዶውስ ውስጥ አብሮ አለ፣ የመጨረሻዋ ባክስላሽ እዛ ጋ ጠባይዋ ይቀየራል። "%~ዲፒ0" ብላችሁ በጥቅስ ስትሰጡት መጨረሻ ላይ ባክስላሽና ጥቅስ ይገናኛሉ፣ ሮቦኮፒ ደግሞ ያንን ጥቅሱን የፓዙ አካል አድርጎ ያነበውና ቀጣዩን መዳረሻ ሁሉ አንድ ላይ ይውጠዋል። "%~ዲፒ0." አድርጉት፣ ነጥቧ ባክስላሹንና ጥቅሱን ትለያቸዋለች፣ ፓዙ ግን ያው ነው።